ጥያቄና መልስ፦ ርስታችንን በግፍ በያዘው ሰው ላይ ጠመንጃ ማንሣት ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምኖረው ኩዌት ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። አባታችን ካረፉ በኋላ በአገር ቤት ያለችውን የእርሻ መሬት እናቴና ታናሽ ወንድሜ ይዘዋት ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ የድንበር ጎረቤት የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኛ ገብቶ አረሰ። ወንድሜ ቀበሌ ሄዶ አቤት አለ፤ ሰውየው ግን እዚያ ዘመድ አለውና ነገሩ ከቀን ወደ ቀን ይጎተታል። አሁን ወንድሜ «ሕግ የለም፤ እውነቱ የእኛ ነው፤ ገንዘብ ላኪልኝና ጠመንጃ ልግዛ፤ ካየው ራሱ ይለቃል» ይለኛል። ግማሹን ልኬለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ልቤ አላርፍ አለ። እውነት ያለው ሰው ኃይል ቢጠቀም ኃጢአት ነው? አባቶቻችንስ ታቦት ይዘው ዘምተው የለም? እኔስ እንዲህ ሆኜ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ለወንድምሽ ደውዪለት። የላክሽው ገንዘብ ለጠመንጃ እንዳይውል፣ ቀብድ ከፍሎም ከሆነ እንዲያስመልስ ንገሪው። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ።

የተወሰደ መሬት ለማስመለስ በሰው ላይ ጠመንጃ ማንሣት፣ እውነቱ የእናንተ ቢሆንም፣ ኃጢአት ነው። በሰው ሕይወት ላይ አሁን እየተፈጸመ ያለውን ጥቃት፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ በሚበቃው ልክ ብቻ መከላከል ግን ቤተ ክርስቲያን አስቦ ከመግደል ጋር እኩል አትቆጥረውም፤ እርሱም ቢሆን ደም ከፈሰሰበት ንስሐ አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እነዚህን ሁለቱን ሲያቀላቅል ነው። «ራሴን ልከላከል ነው» ብሎ ይነሣና ያለፈውን በደል ሊበቀል ይሄዳል።

በግፍ ስለ ተወሰደ ርስት መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ 1ኛ ነገሥት 21። ኢይዝራኤላዊው ናቡቴ ከንጉሡ ከአክዓብ ቤት አጠገብ የወይን ቦታ ነበረው። ንጉሡ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን ልስጥህ ቢለው «የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ» አለ። እንቢታው እንደ ትዕቢት አልተቆጠረበትም። ለርስት መቆርቆር፣ ለመብት መቆም ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ለናቡቴ ባልተሟገተለት ነበር። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመችው፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች አስቆመች፣ ናቡቴም በድንጋይ ተወገረ። እዚህ ላይ ቆም በዪ። ግፉ የተሠራው በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በምስክርና በሸንጎ ነው። ወንድምሽ «ሕግ የለም» የሚለው ዓይነት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ እግዚአብሔር ነቢዩ ኤልያስን ወደዚያው ወይን ቦታ ላከው፤ ነቢዩም ንጉሡን ፊት ለፊት ገድለህ ወረስህን ብሎ ወቀሰው። ዝም አላለም፣ በንጉሡም ላይ እጁን አላነሣም። አክዓብ በኋላ በጦር ሜዳ ሲሞት ለበቀል በተነሣ ሰው እጅ አልነበረም፤ አንድ ወታደር እንዲሁ በወረወረው ቀስት ተወጋ (1ኛ ነገ 22፥34)።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለጥያቄሽ ግን ዋናው መልስ እዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ ኢዩ የሚባል የጦር አለቃ ተቀብቶ በአክዓብ ቤት ላይ ፍርድ እንዲፈጽም ተላከ። የአክዓብን ልጅ ሲገድል የናቡቴን ደም በስም ጠርቶ ነው፤ ሬሳውንም በናቡቴ እርሻ ላይ አስጣለው (2ኛ ነገ 9፥25-26)። ዓላማው ፍትሕ ነበር፤ ትእዛዝም ነበረው። ይሁን እንጂ በዚያ አላቆመም። የአክዓብን 70 ልጆች አስገድሎ ራሳቸውን በቅርጫት አስመጣ፤ በመንገድ ያገኛቸውን 42 የይሁዳ ንጉሥ የአካዝያስን ወንድሞችም አረደ። ከዚህ በኋላ ነቢዩ ሆሴዕ በእግዚአብሔር ስም የተናገረውን ተመልከቺ፤ የኢይዝራኤልን ደም በኢዩ ቤት ላይ እበቀላለሁ አለ (ሆሴ 1፥4)። ለናቡቴ ደም ሊፈርድ የተነሣው ሰው ራሱ በዚያችው በኢይዝራኤል ባፈሰሰው ደም ተጠየቀ። ተልኮና ተቀብቶ የወጣው ሰው ከደም ዕዳ ካላመለጠ፣ ማንም ሳይልከው በራሱ ንዴት የሚወጣ ሰው በምን ያመልጣል?

ይህን የሚሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያው ክርስቲያን ተበድሎ ዝም ይበል ማለት ነው?» ይላሉ። አይደለም። «ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁሉ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» (ማቴ 5፥39) ያለው ጌታ እርሱ ራሱ በሐና ፊት ቆሞ በጥፊ ሲመታ ምን አለ? «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» (ዮሐ 18፥23)። አልመታውም፤ ግን ማስረጃ ጠየቀው፣ ድርጊቱ ያለ ፍርድ እንደ ሆነ በሸንጎው ፊት አስመዘገበበት። ጉንጭን ማዞር በቀልን መተው ነው። እውነትን መደበቅ፣ ግፍን «ደግ አደረግህ» ማለት ከዚያ ውስጥ የለም። ቅዱስ ጳውሎስም እንዲሁ ነው። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በስውር ልቀቁት ሲሉ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ 16፥37)፤ በቂሣርያ በሐሰት ሲከሰስ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ (ሐዋ 25፥11)። ከ40 የሚበዙ ሰዎች ሳንገድለው እህል ውኃ አንቀምስም ብለው በተማማሉ ጊዜ የእኅቱን ልጅ ወደ ሻለቃው ልኮ አስጠቆመ፤ ሻለቃውም 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጭፍሮች አዘጋጅቶ በሌሊት አሸሸው (ሐዋ 23)። ሕግ የሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ የእምነት ጉድለት ቢሆን ሐዋርያው ባላደረገው ነበር።

ኃይልን ለመደገፍ የሚጠቀሱ ሁለት ጥቅሶች አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ጌታ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ ይግዛ ማለቱን (ሉቃ 22፥36) የሚጠቅሱ፣ ሁለት መስመር ወርደው ማንበብ አለባቸው። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ አሳዩት፤ እርሱም «ይበቃል» አላቸው። ለ12 ሰው ሁለት ሰይፍ ለውጊያ አይበቃም። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስ ከሁለቱ አንዱን መዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ፤ ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉና» አለው (ማቴ 26፥52)፤ ጆሮውንም ዳስሶ ፈወሰው። ከጴጥሮስ ዓላማ የሚበልጥ ፍትሐዊ ዓላማ በምድር ላይ ከየት ይመጣል? ጌታ በቤተ መቅደስ ያነሣው ጅራፍ ደግሞ በጎችንና በሬዎችን ያስወጣበት ነው፤ ርግብ ሻጮችን በቃል ነው ያዘዛቸው (ዮሐ 2፥15-16)፤ አንድም ሰው አልቆሰለም። ቤቱም የአባቱ ቤት ነው።

አሁን መከላከል የሚፈቀድበትን ልክ እንይ። በኦሪት ዘጸአት 22፥2-3 እንዲህ ያለ ሕግ አለ፤ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ወጥታ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ልዩነቱ የቆመው ምን ላይ ነው? በጨለማ የመጣው ሰው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል አይታወቅም፤ ጎረቤትም ተኝቷል፤ የቤቱ ባለቤት የሚመርጠው መንገድ የለውም። በቀን ግን ፊቱ ይታያል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ኡኡ ቢባል ሰው ይደርሳል፣ ነገ ዳኛ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ንብረት ብቻውን የሰው ነፍስ አያስከፍልም። የእናንተን ነገር በዚህ መዝኚው። ሰውየው የታወቀ ነው፤ ያረሰው በቀን ነው፤ ነገሩ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል፤ በእናትሽም በወንድምሽም ሕይወት ላይ የተነሣ እጅ የለም። በሌሊት በር ሰብሮ እናትሽን የሚደበድብ ሰው ቢመጣ ወንድምሽ ሊጮኽ፣ በሩን ሊዘጋ፣ ሊይዘው፣ ካልሆነም እስኪያቆም ድረስ ሊመታው ይችላል። ሲሸሽ ተከትሎ መምታት፣ ከወደቀ በኋላ መድገም፣ ተይዞ የታሰረን መደብደብ ግን ከመከላከል ወጥቶ በቀል ውስጥ ገብቷል።

የአገሩ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን ሊነጥቀው የመጣውን ሰው በኃይል መከላከል እንዲችል፣ የተወሰደበትንም ወዲያውኑ እንዲያስለቅቅ ይፈቅድለታል፤ ሁኔታው ከሚፈቅደው በላይ ግን ኃይል እንዳይጠቀም ያዝዘዋል። «ወዲያውኑ» የሚለውን ልብ በዪ። አንድ አዝመራ ካለፈ በኋላ የሚነሣ ኃይል ከዚህ ውጭ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78ም ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ብቻውንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነው፤ ወንድምሽ ገና ሳይተኩስ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይዞራል፣ ባላጋራውም ይህን ዕድል አያሳልፍም።

«ካየው ራሱ ይለቃል» የምትለው አነጋገር ስንት ቤት አፍርሳለች። ለማስፈራራት የተያዘ ጠመንጃ የሚያስፈራው ባለቤቱ ይተኩሳል ተብሎ ሲታመን ነው። ስለዚህ አስፈራሪው ወይ ለመተኮስ ቆርጧል፣ ያን ጊዜ ግድያው በልቡ ተጀምሯል፤ ወይ ላይተኩስ ወስኗል፣ ያን ጊዜ ባላጋራው አንድ ቀን ይፈትነዋል። የቀረውን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠመንጃ መገዛቱ ሳምንት ሳይሞላው ይሰማል፤ ያኛውም በሬ ሸጦ ይገዛል። የሰኔ ዝናብ ሲጥል ሁለቱም በአንድ ማለዳ ጠምደው እዚያችው ድንበር ላይ ይገናኛሉ። ስድብ ይቀድማል፤ አንዱ የሌላውን ሞፈር ይይዛል፤ ዛፍ ሥር ተደግፎ የቆመው መሣሪያ ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። በባዶ እጅ ቢሆን ነገሩ በቡጢ ያልቅና ማታ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ጥይት ከወጣ በኋላ ግን ሽማግሌው የሚመጣው ለለቅሶ ነው። ገዳዩ ይታሰራል ወይም ይሸፍታል፤ የሟች ወንድሞች ደም ለመመለስ ይምላሉ፤ እርሱን ሲያጡ ከዘመዶቹ መካከል የቤቱ ምሰሶ የሆነውን ይፈልጋሉ። ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድ፣ ከብት ውኃ አይወርድ፣ እናት ገበያ አትወጣ። መሬቷ በሁለቱም ወገን ጦም ታድራለች።

ስለ አባቶቻችን ዘመቻ የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ታቦት ይዘው ዘምተዋል፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዓድዋ ነበሩ። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ እይው። የዘመተው አገርን የመጠበቅ አደራ ያለበት ንጉሥ ነው፤ ሐዋርያው «በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅም» ያለው ስለ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ነው (ሮሜ 13፥4)። ክተት የታወጀው በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ ዓመታት የፈጀ የደብዳቤ ክርክር ከተደረገ፣ ወራሪውም ድንበር ካለፈ በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት በጥር ወር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውኃ ተቆርጦበት የተጨነቀውን የጣሊያን ጦር ዳግማዊ ምኒልክ ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቅደውለታል፤ በእጅ የገባን ጠላት መጨረስ ሲችሉ ማለት ነው። ሥልጣን ያለው ሰው፣ ሌላው መንገድ ተሞክሮ፣ በልክ፣ ጠላት ሲረታ የሚቆም። ወንድምሽ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው አለው? ያን ዘመቻ ለድንበር ጠብ መጥቀስ አባቶቹን ማሳነስ ነው። የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ጽናትም አትርሺ። ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። በግፈኛ ፊት የቆሙት በቃላቸውና በገዛ ደማቸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት የለም።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባለው አገርን የመጠበቅ ጦርነት እንኳ የፈሰሰን ደም አላቀለለችም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጦርነት ጠላትን መግደል ሕጋዊ መሆኑን ጽፏል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ግን በ13ኛው ቀኖናው፣ አባቶች ይህን ከነፍስ ግድያ ባይቆጥሩትም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለ3 ዓመት ከሥጋ ወደሙ ቢከለከሉ መልካም ነው ይላል። ሳያስብ ለገደለ 10 ዓመት፣ አስቦ ለገደለ 20 ዓመት ደንግጓል። ሃያው ዓመት እንዲህ ተከፍሏል፤ 4ቱን ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ጸልዩልኝ እያለ ያለቅሳል፣ 5ቱን ቃል ከሚሰሙት ጋር፣ 7ቱን ከሚሰግዱት ጋር፣ 4ቱን ከምእመናን ጋር ቆሞ ግን ሳይቆርብ። በ43ኛው ቀኖና ደግሞ ሰውን ለሞት የሚያበቃ ምት የመታ፣ ጀማሪ ቢሆን መላሽ፣ ገዳይ ነው ይላል። ዛሬ ቀኖናውን የሚሰጠው የንስሐ አባት ነው፤ እንደ ሰውየው አቅምና ጸጸት ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል። መጠኑን የጠቀስሁልሽ አባቶች ደምን ስንት እንደመዘኑት እንድታዪ ነው። ካህን ከሆነማ ገና ምእመንን ቢመታ እንኳ የሐዋርያት ቀኖና ከክህነቱ ይሽረዋል። ዳዊትም ጦርነቱ ሁሉ በእግዚአብሔር ስም ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ደም አፍስሰሃልና ለስሜ ቤት አትሠራም ተብሏል (1ኛ ዜና 22፥8)።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገንዘቡን ለዚህ አውሉት።

ብዙ የመሬት አቤቱታ የሚጠፋው በቃል ስለሚቀርብ ነው። ወንድምሽ ቀበሌ ሄዶ ተናግሮ ከሆነ ምንም አላደረገም ማለት ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም አስደርጎ ይያዝ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አውጡና በማን ስም እንደሆነ እዩ። ገና በሟች አባታችሁ ስም ብቻ ከሆነ ባላጋራው መጀመሪያ የሚይዘው ያንን ነው፤ ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችሁ በወረዳው መሬት አስተዳደር ስሙን አዛውሩ። የእናትሽ ስም ካለበት ባለይዞታ ናቸውና ራሳቸው ከሳሽ ይሆናሉ። ደብተሩ ላይ አዋሳኞች በአራቱ ማዕዘን ተጽፈዋል፤ ከባላጋራው ሌላ ሦስቱ አዋሳኞች ምስክሮቻችሁ ናቸው፤ ሳያረጁና ሳይፈሩ ቃላቸውን ያስመዝግቡ። የተነቀለው ድንጋይ የነበረበትን ቦታ ጠዋት ብርሃን ሲሆን ከዛፍና ከመንገድ ጋር አያይዛችሁ ፎቶ አንሡት።

ቀጥሎ በወረዳ ፍርድ ቤት ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ አለ። ይህ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባለፈው ክረምት ከተያዘ ጊዜው እየሄደ ነው፣ ጠመንጃ ሲፈለግ እንዳያልፍባችሁ። ቢፈረድባችሁ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው። አንቺም በነገሩ መብት ካለሽ በምትኖሪበት አገር ባለው ኤምባሲያችን የተረጋገጠ ውክልና ላኪ፤ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይሠራል። ጸጥታ ደፍርሶ ፍርድ ቤቱ የማይሠራ ከሆነ ጽሑፉንና ምስክሩን አሰናድታችሁ ጠብቁ፤ የሄዳችሁበትን ቀን ሁሉ መዝግቡ። ከዚህ ገንዘብ ላይ ለማንም ሹም መማለጃ እንዳይሰጥ ወንድምሽን አስጠንቅቂው። በጉቦ የተገኘ ፍርድ የኤልዛቤል መንገድ ነው፣ ለተገፋው ቢፈረድ እንኳ።

ከፍርድ ቤቱ ጎን ሽምግልናው ይሂድ። ጌታ ያዘዘው ተራ አለ (ማቴ 18፥15-17)፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ወንድምሽ በንዴት ስለሆነ ለብቻ መሄዱ ይቅርና አንድ ከእናንተ፣ አንድ ከእርሱ ወገን፣ አንድ ሁለቱም የሚያፍሩት ሽማግሌ ይመረጥ። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ያ ሰው የንስሐ አባት አለው። የደብሩን አስተዳዳሪ ይዛችሁ ወደ እኒያ ካህን ሂዱ። ወሰን ገፍቶ መያዝ በኦሪት የተረገመ ኃጢአት ነው (ዘዳ 27፥17)፤ ይህን የመንገር ግዴታ ያለባቸው እርሳቸው ናቸው። በአንድ ሰንበቴ ጽዋ የሚጠጡ ከሆነም ማኅበሩ ነገሩን ሊይዘው ይችላል። ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እርቁ በቃል ብቻ ስለሚቀር ነው፤ የወሰኑ ድንጋይ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይተከል፣ ስምምነቱ ተጽፎ ይፈረም፣ ቅጂው ለመሬት አስተዳደር ይግባ።

አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ምንም የማትችይ አይምሰልሽ። በ1ኛ ሳሙኤል 25 ዳዊት በናባል ተሰድቦ 400 ሰው አስታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ሲወርድ ያቆመችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት። 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ 5 የተዘጋጁ በጎች፣ 100 ዘለላ ዘቢብ በአህዮች ጭና ቀድማ ተገናኘችው። ናባልን አልሸፋፈነችለትም፤ ምናምንቴ ሰው ነው አለች። ለዳዊት ግን አንድ ነገር ነገረችው፤ እግዚአብሔር ባነገሠህ ቀን በከንቱ ያፈሰስኸው ደም የልብ ጸጸት አይሁንብህ። ዳዊትም ወደ ደም ከመሄድ ስለ ከለከልሽኝ የተባረክሽ ሁኚ አላት። ወንድምሽን እንዲህ አነጋግሪው። «መሬቱን ተው» አትበዪው፤ እውነቱን አትንጠቂው። «እውነታችንን በደም አታበላሽብን፤ የጠበቃውንና የምስክሩን ወጪ እኔ እችላለሁ» በዪው።

ስለ ቁርባኑ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል፣ በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ የተባለው፣ አንድ ድንጋይ አልወረወረም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ። በኋላ ግን የምስክርህ የእስጢፋኖስ ደም ሲፈስ እኔ ቆሜ እስማማ ነበር ብሎ ራሱን ከገዳዮቹ ጋር ቆጠረ (ሐዋ 22፥20)። ከሩቅ የሚላክ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ደም አልፈሰሰምና ከግድያ ዕዳ አልገባሽም፤ ሐሳቡን ግን በከፊል ተካፍለሻል፣ ልብሽን ያላሳረፈውም እርሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለሌላ መዋሉን እስክታረጋግጪ ድረስ ከመቁረብ ቆዪ። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ተናዘዢ፤ ምን ያህል እንደላክሽ፣ ለምን እንደሆነ እያወቅሽ መላክሽንም ጭምር። በስልክ ምክር ማግኘት ይቻላል፤ ኑዛዜና ፍትሐት ግን ካህኑ ፊት ቀርበሽ ነው፤ በምትሠሪበት ቤት የዕረፍት ቀንሽን ለዚህ አድርጊው። የሚሰጥሽን ቀኖና ስትፈጽሚ የዚያን ሰው ስም በጸሎትሽ አንሺው፤ ጌታ «የሚያሳድዱአችሁን» ለይቶ ጸልዩላቸው ብሏልና (ማቴ 5፥44)። ጠመንጃው ተገዝቶ ቤት ገብቶ ከሆነ በሽማግሌ እጅ ለሕግ ተሰጥቶ ሳይወጣ «ተመልሷል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኚ፤ እናትሽን ጠይቂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።